እሺታ ሲጠብቅ የከረመ ፊልም

የተከበራችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ሥራችሁን ትታችሁ ወንድሜን ለመሸኘት እዚህ ስለተገኛችሁ በቤተሰቡ ስም አመሰግናለሁ። እኔ ታላቅ እህታቸው ነኝ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ «እሳቸው» ማለት ቢተናነቀኝም፣ ዜና ሕይወት ሲነበብ ደንቡ ይኸው ነውና እንደ ደንቡ አነባለሁ። ድምፄ ከፍ ቢል ኀዘን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ተናድጃለሁም።

ወንድማችን ከኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታችን ቀደም ብለው በማረፋቸው ቤቱን ያቆመው የእናታችን የስፌት መኪና ነበር፤ ወንድሜም ያደጉት በዚያው ክፍል፣ በመኪናው ሥር፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ ሲለቅሙ ነው። በትምህርት ጎበዝ ነበሩ ብዬ እንዳልዋሽ የክፍል ጓደኞቻቸው ፊት ለፊቴ ቆመዋል፤ ስለዚህ በሒሳብ ደካማ፣ በወሬ ግን አንደኛ ነበሩ ብዬ ልለፈው። ወሬ ስል ማውራታቸውን አይደለም፣ መስማታቸውን ነው። ሳሙና ግዙ ተብለው ተልከው፣ የባለ ሱቁን የዕድሜ ልክ ታሪክ ሰምተው፣ ሳሙናውን ረስተው ይመለሱ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሊጨርሱ ሲቃረቡ፣ ስለ ኢትዮጵያውያን ዘጋቢ ፊልም እንሠራለን ያሉ ሰዎች ወደ ቤታችን መጡ። እናታችንን በስፌት መኪናቸው ፊት አስቀምጠው ከረፋድ ጀምሮ ሲያናግሯቸው ዋሉ፤ እናታችንም ስለ አባታችን፣ ስፌት ሲለምዱ ስላዩት አበሳ፣ በልጅነታቸው ስለሠሩት ሞኝነት ሳይቀር እያወሩ ቀራጮቹን በሣቅ ገደሏቸው። ፊልሙ በቴሌቪዥን በሚታይበት ቀን እናታችን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው፣ ያላቸውን ደህና ልብስ ለብሰው፣ ከፊት ተቀመጡ። የታየው ግን አንገታቸውን ደፍተው ሲሰፉ ብቻ ነው። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ የሚሰማው ግን የሌላ ሰው ድምፅ ነው፤ ያም ድምፅ ይህች ሴት ሣቅ ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ነገዋም የጨለመ ነው ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ የሚያላዝን ሙዚቃ አስገብተውበታል። ጎረቤቱ የሚያይበት ጠፋው። አንዲት ሴት ደግ ያደረጉ መስሏቸው «አይዞሽ፣ ያልፋል» አሏቸው። እናታችን እንዲያ ሲያፍሩ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላየሁም፤ ወንድሜም ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ከዚያ ወዲያ ከፊልም ሌላ ሙያ አላማራቸውም። በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተቀጥረው የፊልም ቅንብር ተማሩ፤ ነገር ግን አለቆቻቸው «አሳጥረው፤ ተራኪ አስገባበት» ባሏቸው ቁጥር ይጨቃጨቁ ስለነበር፣ በመጨረሻ መልቀቂያ አስገብተው ሠርግ ቀራጭ ሆኑ። በየሠርጉ «አንዴ ብቻ! አንዴ ብቻ!» እያሉ ሙሽራ ስለሚያስቆሙ «አንዴ ብቻ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ከእናንተ መካከልም ሌላ ስም እንዳላቸው ገና ሰሞኑን የሰማችሁ አላችሁ። ከአንዱ ሠርግ ሚዜ ጋር፣ በመድኃኒት ቤት ከሚሠሩት ከዛሬዋ ባለቤታቸው ጋር ተዋውቀው ተጋቡ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። የሠርግ ቀራጩ የራሳቸው ሠርግ ቪዲዮ ግን የለም። አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ተለምነው ተለምነው እምቢ ያሉትን የሕይወት ታሪካቸውን አንድ ቀን በድንገት ማውራት ሲጀምሩ፣ ባዶ ካሴት በመጥፋቱ ወንድሜ እጃቸው የገባውን ካሴት ከትተው ቀረጹበት። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ «የሠርጌን ቪዲዮ ላሳያችሁ፤ ሙሽራዋ ፂም አላት» እያሉ ያሾፋሉ።

ሹፌሩን የቀረጿቸው ለዕድሜ ልክ ሥራቸው ነበር። በምንኖርበት ሕንፃ የሚኖሩና የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን፣ ማለትም ሹፌሩ፣ ጡረታ የወጡት ነርስ፣ ምድር ቤት ሱቅ ያላቸው ፀጉር አስተካካይና እናታችን፣ ታሪካቸውን በገዛ አንደበታቸው፣ ማንም ሳይገባባቸው የሚናገሩበት ፊልም ነው። ምኞታቸው፣ ያን ቀን የእናታችንን ሐፍረት ያዩ ጎረቤቶች በሕንፃችን አዳራሽ ተሰብስበው፣ እናታችን ከፊት ተቀምጠው፣ ይኸኛው ፊልም እንዲታይ ነበር። ለዚህም አንድ ሕግ አወጡ፤ ከባለታሪኩ በፊት ማንም አያይም፣ ባለታሪኩም አይቶ «ይሁን» ካላለ ፊልሙ አይወጣም።

መልካም ሕግ ነው፤ እኔን ፀጉሬን ያስነጨኝም ይኸው ሕግ ነው። ነርሷ የቀድሞ ባላቸውን ያነሡበት ይውጣ አሉ፤ ወጣ። ከባላቸው ታረቁና ይመለስ አሉ፤ ተመለሰ። እንደገና ተጣሉ። ሹፌሩ የሚያስሉበት ሁሉ ይቆረጥ አሉ፤ ሰውዬው ሳይስሉ አንድ ነገር ተናግረው ስለማያውቁ፣ ሳሉ ሲቆረጥ ታሪኩም አብሮ ሄደ። ወንድሜ ሳይሰለቹ ይቆርጣሉ፣ ይቀጥላሉ። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ከፀጉር አስተካካዩ በቀር ሁሉም «ይሁን» አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ ከወንድማቸው ጋር የተኳረፉ ሰው ነበሩ። አባታቸው ታመው ሳለ ወንድማማቾቹ «የማደሩ ተራ ያንተ ነው» እየተባባሉ አባትየው ብቻቸውን ማረፋቸውን፣ ተራው ግን የራሳቸው እንደነበር፣ በካሜራ ፊት እያለቀሱ ተናግረዋል፤ ይህን የሰማሁት ከራሳቸው ነው፣ የምነግራችሁም አስፈቅጄ ነው። ቀረጻው ሲያበቃም «መጀመሪያ ከወንድሜ ልታረቅ፤ ከዚያ በኋላ አያለሁ» አሉ። ወንድሜም «በሚመችህ ጊዜ» ብለው መለሱላቸው። በሚመችህ ጊዜ! ይህች ንግግር ስንቱን ዓመት እንደበላች እኔ አውቃለሁ።

አንድ የዘጋቢ ፊልሞች ፌስቲቫል «ፊልሙን ላኩልን» ብሎ ሲጋብዛቸው እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ወይ ሰውዬውን አውጥተህ ላከው፣ ወይ ሄደህ ጠይቀው አልኳቸው። ማውጣቱን «እሱ ከወጣ ፊልም አይባልም» አሉ፤ መጠየቁን ደግሞ «ታረቅህ ወይ ማለት እኮ ሰውን ቁስሉ ላይ መንካት ነው፤ ሲደርስለት ራሱ ይነግረኛል» አሉ። እኔው ልጠይቃቸው ብነሣ በእናታችን ስም ገዘቱኝ። እናታችን በየጊዜው «ያ ነገር አላለቀም?» ሲሉ «ደርሷል እማዬ» ይባላሉ። ፌስቲቫሉም ጊዜው አለፈ።

ኩላሊታቸው ታሞ ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ ምላጫቸውን በቦርሳ ይዘው እየመጡ ጢማቸውን ይላጯቸው ነበር። እስቲ አስቡት። አንዱ ተኝተዋል፣ ሌላው ጎንበስ ብለዋል፣ በመካከላቸው ስንዝር የለም። ስለ አየሩ ያወራሉ። ስለ እግር ኳስ ያወራሉ። ስለ ፊልሙ ትንፍሽ የለም። እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ በዓይኔም በቅንድቤም ለወንድሜ ምልክት ብሰጥ፣ «ዓይንሽን አመመሽ እንዴ?» አሉኝ እንጂ አልጠየቁም። እንዲህ እንዳሉ በሥልሳ አንድ ዓመታቸው፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ሳለች ዐረፉ።

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ ለቅሶ ቤት መጥተው፣ አልቅሰው ሲያበቁ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፤ ያ ፊልም ግን ምን ደረሰ?» አሉኝ። እርስዎን እየጠበቀ ነዋ፣ ከወንድምዎ እስኪታረቁ፣ አልኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ከታረቁ አራት ዓመት አልፏቸዋል! «ወንድሜ ከሩቅ መጥቶልኝ፣ ሱቄ ቁጭ ብለን ስንጫወት ወንድምሽ ራሱ ገብቶ ሁለታችንንም ጨብጦናል፤ ያወቀ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ና እይ ሳይለኝ ሲቀር ከፊልሙ ያወጣኝ መሰለኝ። እንዴት ብዬ ልጠይቀው? አፈርኩ። ጭራሽ ታመመ፤ በታመመ ሰው ላይ ደግሞ የፊልም ነገር ይነሣል?» አሉኝ። ወንድሜ የእሳቸውን ወንድም መልክ ከየት ያውቁታል? ደንበኛ መስሏቸው ጨብጠው ወጥተዋል።

ይህን ይሉኝታ ምን ልበለው? ወገኖቼ፣ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ሲከባበሩ፣ ሲከባበሩ፣ አራት ዓመት ሙሉ አንዱ «ታረቅህ?» ሌላው «ፊልሙስ?» ማለት አቅቷቸው አንደኛው ሞቱ። እዚያው ለቅሶ ቤት በፀጉር አስተካካዩ ላይ ጮህኩባቸው፤ ለቀስተኛው ኀዘን የጠናብኝ መስሎት ውኃ አጠጣኝ። ሰውዬውን አልጠላቸውም፤ ዛሬ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ናቸው። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም፣ የሚወጣልኝም አይመስለኝም።

ትናንት የወንድሜ ልጅ ፀጉር አስተካካዩንና ለለቅሶው የመጡትን ወንድማቸውን በአባቷ የሥራ ክፍል አስቀምጣ፣ ፊልሙን ከፍታላቸው ወጣች። በወንድሜ ሕግ መሠረት እኛ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ጠበቅን። ሲወጡ የሁለቱም ዓይን ቀልቷል። ፀጉር አስተካካዩ «ምኑም አይነካ፤ እንዳለ ይሁን» አሉ። ስለዚህ ፊልሙ በሚመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ በአዳራሻችን ይታያል፤ ያ የቴሌቪዥኑ ፊልም ሲታይ እቤታችን የነበራችሁ ሁሉ እንድትገኙልኝ እለምናለሁ፤ ማንም አፍሮ እንዳይቀር።

ወንድማችን ወላጅ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ እኔን ታላቅ እህታቸውን፣ እንዲሁም ታሪካቸውን ያዳመጡላቸውን ወዳጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። እናታችን ፊልሙ እሑድ እንደሚታይ ስነግራቸው «እሱስ የት ይቀመጣል?» አሉኝ።

ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን፤ እኛን የቀረነውንም፣ ሳንሞት የምንጠያየቅበት አፍ ይስጠን።