ወይዘሮ ግላፊራ ኤፊሞቭና የበረዳቸው አገር

ከዚህ መቃብር አጠገብ የቆማችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የቮርኩታ ሰዎች፣ የአያቴን የወይዘሮ ግላፊራ ኤፊሞቭናን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የታዘዝኩት ከቤተሰቡ የተማረው እሱ ነው ተብሎ ነው። የጻፍኩትን ትናንት ከቮርኩታ ጀምሮ ጓደኛቸው ለነበሩት ለወይዘሮ ካፒቶሊና አንብቤላቸው ሁለት ቦታ አርመውልኛል፤ አሁንም የሳትኩት ካለ ከንባቡ በኋላ ብትነግሩኝ አስተካክላለሁ። መጨረሻው እንዲያጥር ከቤተሰባችን ተጠይቄ ነበር፤ አስቤበት አላሳጠርኩትም።

ወይዘሮ ግላፊራ ከአባታቸው ከአቶ ኤፊም ሹቢንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኡስቲኒያ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም.፣ በቪያትካ ወንዝ ዳር በምትገኝ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ግንድ በወንዝ የሚያወርዱ ሰው ስለነበሩ በበጋ እቤት አይገኙም ነበር፤ እናታቸውም ሕመምተኛ ስለነበሩ አያቴ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቻቸውን እያጠቡ፣ እያለበሱና እያበሉ ትምህርታቸውን በመንደሩ ጨርሰው፣ ወደ ኪሮቭ ከተማ ሄደው የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪነት ተምረው ተመረቁ።

በ1967 ዓ.ም. ሦስት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብለው በሰሜን ጫፍ ወዳለችው የከሰል ከተማ ወደ ቮርኩታ ተጓዙ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሁሉ እንደዚያ እያለ ነው የሚሄደው፤ እርሳቸው ግን ሃምሳ ዓመት ቆዩ። በመዋዕለ ሕፃናቱ ዋና ሥራቸው ማልበስ ነበር ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። ሕፃናቱን ለጥቂት ጊዜ ወደ ግቢ ለማውጣት ሹራብ በሹራብ ላይ፣ ሱሪ በሱሪ ላይ፣ ከዚያ የሱፍ ቦቲ፣ ኮፍያና ካፖርት አልብሰው፣ አንገታቸውን በሻርፕ ጠምጥመው ሲያበቁ፣ መጀመሪያ የለበሰው ልጅ «ሽንቴ መጣ» ይላቸውና እንደገና ይጀምሩ ነበር። ልጅ በረደኝ ካላቸው ግን ምንም ሳይጠይቁ እጃቸውን ማጅራቱ ሥር አስገብተው ይዳስሱትና ወደ ቤት ያስገቡት ነበር።

ከባለቤታቸው ከአቶ ሳቬሊ ጋር የተዋወቁትም እዚያው ነው። አቶ ሳቬሊ የከሰል ጉድጓድ አናጺ ነበሩ፤ አንድ ቀን ከመዋዕለ ሕፃናቱ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለውን በረዶ እንዲያራግፉ ተልከው መስኮት ሰበሩ። አያቴ ወጥተው «አንተ ሰውዬ፣ ልጆቼን ልትፈጅልኝ ነው? ውረድና መስታወት ይዘህ ና» አሏቸው። መስታወቱ ሲገጠም ሻይ ቀረበ፤ ወይዘሮ ካፒቶሊና እንደሚሉት ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የማይሰበር ነገር ጠፋ፣ ሳቬሊም በየሳምንቱ ይጠሩ ጀመር። በ1970 ዓ.ም. ተጋቡ፤ በዓመቱም አባቴን ጌናዲን ወለዱ።

እዚህ ላይ ለእናንተ ለዚህ ለደቡብ ሰዎች አንድ ነገር መግለጽ አለብኝ፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነው። በቮርኩታ ብርድ የውጭ ነገር ነው። እቤት ውስጥ የማሞቂያ ቱቦው እጅ አያስነካም፤ ደጁ በበረዶ ተቀብሮ ሳለ ሰው በካናቴራ ተቀምጦ፣ ትንሿን መስኮት ከፍቶ፣ ሻይ እየጠጣ ያልበዋል። ስለዚህ የቮርኩታ ሰው ብርድን የሚያውቀው በር ዘግቶ የሚገላገለው ነገር አድርጎ ነው። በአልጋው ውስጥ የሚጠብቀው ብርድ አያውቅም። ይህን እኛ የአያቴ ቤተሰቦች ማወቅ ነበረብን።

አቶ ሳቬሊ በ2011 ዓ.ም. ዐርፈው እዚያው በቀዘቀዘው መሬት ተቀበሩ። የከሰል ጉድጓዶቹ ተዘጉ፣ አያቴ የሚኖሩበት ሕንፃም በየፎቁ ባዶ እየሆነ ሄደ። ከብዙ ዓመት በፊት ወደዚህ የባሕር ዳርቻ መጥተው ለበጋ እንግዶች የሚከራይ ቤት የሠሩት አባቴ፣ እናታቸውን በየጊዜው በስልክ ይጎተጉቱ ነበር። «እማዬ፣ በቃሽ፣ ነይ። ካፖርት ይዘሽ እንዳትመጪ፣ እዚህ በለስ ነው የሚበቅለው» አሏቸው። አያቴም በ2017 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ ከቮርኩታ የሚወጣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ የበግ ጠጕር ካፖርታቸውንና የሱፍ ቦቲያቸውን ለአንዲት ወጣት አስተማሪ ሰጥተው፣ በአንዲት ሻንጣ የበጋ ልብስ ይዘው መጡ።

ያ በጋ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ውሸት ይሆንብኛል። ባሕር ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ቆመው ይስቁ ነበር፤ በለስ ከዛፉ ቀጥፈው ሳያጥቡ ይበሉ ነበር። ክፍሎቹ በሙሉ በእንግዶች ተይዘው ስለነበር ለእርሳቸው በግቢው ጥግ ባለችው፣ በሙቀት ወራት ብቻ ምግብ በሚሠራባት የበጋ ኩሽና ውስጥ አልጋ ተዘረጋላቸው። እስከ መስከረም ብቻ ነው ተባሉ። መስከረም ሲመጣ ክፍሎቹ ቀለም ሊቀቡ ነው ተባለ፤ ኅዳር ሲመጣ ቀለሙ አዲስ ስለሆነ እስከሚቀጥለው በጋ እንዳይበላሽ ተባለ። በመጀመሪያ ላይ «እኔ ምን ቸገረኝ፣ የራሴ በር አለኝ» ይሉ የነበሩት እርሳቸው ራሳቸው መሆናቸውንም መደበቅ አልፈልግም።

የበጋ ኩሽና ግድግዳው የአንድ ጡብ ውፍረት ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ማሞቂያ የለውም። ከጓሯችሁ የምታውቁት ቤት ስለሆነ መዘርዘር አያሻኝም፤ እናንተ ግን በታኅሣሥ አትተኙበትም። ሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ከተራራው ሲወርድ መጋረጃው መስኮቱ ተዘግቶ ሳለ ይወዛወዛል፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሻጋታ ወጥቷል፤ አንሶላው ቀኑን ሙሉ ተሰጥቶ እንኳ እርጥብ ነው። አያቴ በረደኝ አሉ።

ሳቅን። ከበረዶ አገር የመጣች ሴት በለስ በሚበቅልበት አገር በረደኝ ስትል ከዚህ የሚበልጥ ቀልድ አልነበረንም። አባቴ «እማዬ፣ ከሰሜን ዋልታ መጥተሽ እዚህ በረደኝ ስትይ ሰው አይስማሽ» አሏቸው። እናቴ ላሪሳ አንድ ሹራብ ሰጥተዋቸው «እርስዎ እኮ የበረዶ ድብ ነዎት» አሏቸው፤ በፍቅር ነበር ያሉት። ዳቦ ሻጯ፣ ጎረቤቱ፣ የጤና ጣቢያው ሐኪም ሳይቀሩ ቀለዱ፤ ሐኪሙ ደረታቸውን ካዳመጡ በኋላ «የቮርኩታ ሴት፣ እኛን ማሞቅ የነበረብዎት እርስዎ ነዎት» ብለው የሳል ሽሮፕ አዘዙላቸው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገብቶላቸው ነበር፤ የኩሽናው ሽቦ አሮጌ ነው እሳት ይነሣል ተብሎ ሲተኙ እንዲያጠፉት ታዘዙ። ሽቦውን የቀየረ ግን አልነበረም። አያቴ ኩሩ ሴት ነበሩና በሁለተኛው ዓመት ያቺን ቃል መናገር ተዉ። እኛም ለመዱት አልን።

ባለፈው ኅዳር ከወይዘሮ ካፒቶሊና ጋር በየጠዋቱ አውቶቡስ መሳፈር ጀመሩ። ወይዘሮ ካፒቶሊናም ከቮርኩታ መጥተው በታችኛው መንገድ ላይ እንደዚሁ ያለች የበጋ ቤት ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ሁለቱ እስከ ወደቡ ይሄዳሉ፣ ሳይወርዱ ይመለሳሉ፣ እንደገናም ይሄዳሉ። እኛ እቤት «ሽርሽር ወደዱ» እያልን ተደስተን ነበር። ከኋላው ወንበር ሥር ማሞቂያ መኖሩን የነገሩኝ እዚህ የቆሙት ሹፌሩ አቶ ታራስ ናቸው፤ የነገሩኝም ከሞታቸው በኋላ ነው። አቶ ታራስ «እማማ፣ ዛሬስ ወዴት ልውሰዳችሁ?» ሲሏቸው አያቴ «ዝም ብለህ ንዳ ልጄ፣ በር አትክፈት እንጂ» ይሏቸው ነበር። እርሳቸውም እየሳቁ ይነዱ ነበር፤ ነገር ግን የመካከለኛውን በር በየፌርማታው ሳይከፍቱ ያልፉት እንደነበር ነግረውኛል። በዚህች ከተማ ካለነው ሁሉ አያቴን ያመኗቸው አንድ ሰው እርሳቸው ብቻ ናቸው።

በጥር መጨረሻ ሳላቸው በርትቶ ትንፋሽ አሳጣቸው፤ በአምቡላንስ ወደ ከተማው ሆስፒታል ተወሰዱ። ወደ ክፍሉ ስገባ ካልሲያቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ነበር። ነርሷን «ልጄ፣ መስኮቱን ትንሽ ገርበብ አድርጊልኝ፣ ደህና ሞቋል» አሏት። ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብለው «እዚህ ሰዎቹ ቤት ማሞቅ ያውቃሉ» አሉኝ። ሐኪሙ ዘግይታችሁ አመጣችኋቸው አሉን። በየካቲት መጀመሪያ፣ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በወረቀቱ ላይ የሳንባ ምች የሚል ተጽፏል። በሰሜን ሃምሳ ዓመት ያልነካቸውን ብርድ ያገኙት ከእኛ ግቢ ነው፤ ከቤታችን ጀርባ፣ ከአሥራ አንድ ባዶ ክፍሎች አጠገብ። ይህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብላችሁ የምታጽናኑኝ ካላችሁ፣ ዛሬ አትንገሩኝ።

ወይዘሮ ግላፊራ ኤፊሞቭና አንድ ወንድ ልጅ፣ ምራታቸውንና ሁለት የልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል። በቮርኩታ ያለበሷቸው ልጆች ዛሬ የብዙ ልጆች ወላጆች ናቸው፤ ስንት እንደሆኑ አላውቅም። ጓደኛቸውን ወይዘሮ ካፒቶሊናንም ትተዋል፤ እርሳቸው አሁን በመካከላችሁ ቆመው እያሳሉ ነው፤ ትናንትም ይህን ጽሑፍ ሳነብላቸው ጓንታቸውን አላወለቁም።

ለሐዘኑ ማዕድ ምግብ ቤት ተይዟል የተባለው ቀርቷል። ማዕዱ በትልቁ ቤት በላይኛው ፎቅ ነው፤ ማሞቂያው ከትናንት ጀምሮ በርቷል። ከማዕዱ በኋላ ወይዘሮ ካፒቶሊና ወደ ታችኛው መንገድ አይመለሱም፤ ደጃፉ ወደ ባሕሩ በሚያየው ክፍል ያድራሉ፣ ነገም፣ በበጋም እዚያው ናቸው። አባቴን አላስፈቀድኩም፤ አሁን በሁላችሁ ፊት እየነገርኳቸው ነው፤ እምቢ ማለት ከፈለጉም እናታቸው አጠገብ ቆመው ይበሉት።

እግዚአብሔር የአያቴን የወይዘሮ ግላፊራን ነፍስ ይቀበል፤ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፋቸው፤ በዚያም በረደኝ ቢሉት ይመናቸው።