ባለሳጥኑ ሳንቲም

ፋርማሲስቱ ከፖስታ ቤት ወጥቶ ሃያ እርምጃ እንኳን ሳይሄድ ዝናቡ ወረደ። ብብቱ ሥር የያዛት ትንሽ ጥቅል እንዳትረጥብበት ኮቱን ደረበባትና ሮጦ አውቶቡስ ፌርማታው ጣሪያ ሥር ገባ። አግዳሚው ላይ እትዬ ተቀምጠዋል። እትዬ ሃያ ሰባት ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ፋርማሲስቱ ሊቀመንበር የሆነበትን የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ከመሠረቱትም አንዷ እሳቸው ናቸው፤ ይሁን እንጂ ወደ ስብሰባ ብቅ ካሉ ሦስት ወር ሆኗቸዋል።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ጠፉብን እኮ» አለ ጎንበስ ብሎ።

«አብሮ ይስጥልኝ ሊቀመንበር። የት እጠፋለሁ፣ እዚሁ ሰፈር ነኝ።» ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። «ምነው እንደ አራስ ልጅ ታቀፍከው? ምንድን ነው?»

ፋርማሲስቱም ይህን ጥያቄ ነበር የሚጠብቀው። ጥቅሉን ፈትቶ ከፈይ የለበሰ ሳጥን ከፈተ። ውስጡ አንድ የብር ሳንቲም አለ፤ ላዩ ላይ ክንፉ በቀለም ያጌጠ ወፍ ተቀርጾበታል፣ የወፉ ዓይን ደግሞ ሰማያዊ የመስታወት ፍንጣሪ ነው። የደመወዙን ግማሽ ያወጣው ለዚህ ነበርና ደረቱን ነፋ አደረገ።

«በዓለም ላይ አምስት ሺህ ብቻ ነው ያለው። የምስክር ወረቀትም አለው። በሚመጣው ወር ኤግዚቢሽን እያንዳንዱ አባል ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ባለሳጥን ሳንቲም ይዞ እንዲቀርብ ደንብ ልናወጣ ነው። የማኅበራችን ደረጃ ከፍ እንዲል ብለን ነው።»

እትዬ ከቦርሳቸው ማጉያ መነጽር አውጥተው ሳንቲሙን ብዙ አዩት።

«ወፉ ያምራል። ወረቀቱን የሰጠህ ማን ነው?»

«ሻጩ ድርጅት ነዋ።»

«ዘንድሮ ይኸው ድርጅት ስንት ዓይነት አወጣ?»

ፋርማሲስቱ ወፎቹን፣ አበቦቹን፣ መኪኖቹን በጣቱ ቆጠረ። «አርባ ያህል» አለ።

«አርባ ጊዜ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ሺህ ነው። ለዚህ ለዚህ ሒሳብማ ትኬት ቆራጭ ሆኜ መኖሬ ይበቃል። እንግዲህ ብርቅ የተባለው ይሄ ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና እትዬ፣ ዘመኑ ተቀይሯል። የእርስዎ ሳንቲሞች በስንት ሺህ ሰው እጅ ተሽተው ያለቁ ናቸው። ይሄን ግን የሰው ጣት አልነካውም። ነገ ከነገ ወዲያ ዋጋው እጥፍ ይሆናል።»

«የሰው ጣት ካልነካውማ ዳቦ ገዝቶ አያውቅም፤ ማንንም አሳፍሮ ቤቱ አላደረሰም። የዋጋውን ነገር ግን እኔና አንተ ከምንከራከር የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ። ዝናቡም አባርቷል።»

ከመንገዱ ማዶ አሮጌ ሳንቲምና ቴምብር የሚገዛ ነጋዴ ነበርና ተያይዘው ገቡ። ነጋዴው ሳንቲሙን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ካየ በኋላ ሳጥኑን ወደ ፋርማሲስቱ ገፋ አደረገው።

«የብሩን ክብደት እከፍልሃለሁ፤ ካወጣኸው ከስድስት አንዱ ቢሆን ነው። ቀለሙንና ሳጥኑን የሚገዛኝ የለም። በዚህ ሳምንት ብቻ እንዲህ ያለ ይዘው የመጡ ዘጠኝ ሰዎች መልሻለሁ።» ከዚያ ፊቱን ወደ እትዬ አዞረ። «ያቺን ጀርባዋ በስህተት ተገልብጦ የታተመባትን ሳንቲም ዛሬም አይሸጡልኝም?»

«አልሸጥም። ከትኬት ቦርሳዬ ውስጥ በዓይኔ ለቅሜ ያገኘኋት ናት» አሉ እትዬ።

ፋርማሲስቱ ጆሮው ጋለ። ሳጥኑን ዘግቶ ኮቱ ውስጥ ከተተና ተያይዘው ወጡ፤ እትዬም ያፈረን ሰው ማሳፈር የማይወዱ ነበሩና የዋጋውን ነገር አላነሱበትም።

መንገድ ላይ «የቀሩብን በዚህ ምክንያት ነው?» አለ።

«የእኔስ ይሁን። አናጢው አባላችን ለምን እንደቀረ ታውቃለህ? ሳንቲም ላይ ፊደልን ከፊደል፣ ጠርዝን ከጠርዝ መለየት ያስተማረን እሱ ነው። ባለፈው አንዲት ሳንቲም ሲያወጣ አጠገቡ የተቀመጠው አባል ‹ስንት ታወጣለች?› አለው። ‹ምንም› ብሎ ኪሱ ከተታት፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ድሮ ስንገናኝ ‹ከየት አገኘኸው? ምን አየህበት?› ነበር የምንባባለው። አሁን ‹በስንት ገዛኸው?› ሆነ። ሃያ ስድስት የነበርነው አሥራ አንድ ቀረን።»

«ታዲያ እትዬ፣ ቆንጆ ነገር መግዛት ኃጢአት ነው?»

«ኧረ በጭራሽ። ወፉን ከወደድከው ግድግዳ ላይ እንደምትሰቅለው ሥዕል ቆጥረህ ግዛው፣ ደስም ይበልህ። ነገር ግን ሀብት ነው ብለህ አትግዛ፤ ከመክፈልህ በፊትም ሻጩን መልሰህ በስንት ትወስደዋለህ ብለህ ጠይቀው። ሌላውን ሰው ግን ግዛ ብለህ ደንብ አውጥተህ አታስገድድ።»

ፋርማሲስቱ ልበ ደንዳና አልነበረም። በማግስቱ አናጢው የሚሠራበት ድረስ ሄዶ፣ መጋዙ እስኪቆም በር ላይ ቆሞ ጠበቀና በማኅበሩ ስም ይቅርታ ጠየቀ። በሚቀጥለው ስብሰባም ረቂቅ ደንቡን ራሱ ቀደደው። በምትኩ እያንዳንዱ አባል ራሱ ያገኘውን አንድ ሳንቲም፣ ያየበትን ነገር በእጁ ጽሑፍ አስፍሮ እንዲያመጣ ተስማሙ።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተ ዕለት የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ መቆሚያ ጠፋበት። የቀሩት አባላት ተመለሱ፤ ሰባት አዲስ ሰዎችም ተመዘገቡ፤ ለመጀመር የሚያስፈልገው ከዳቦ ቤት የሚመለስ ሳንቲምና ጥሩ ዓይን ብቻ መሆኑን አይተዋልና። ዕውቀት ያለው ሰው ኪሱ ስስ ስለሆነ ብቻ ከኋላ መቀመጡ ቀረ። ለማያውቁት ነገር ደመወዛቸውን ሊከፍሉ የነበሩም ጠይቀው መግዛትን ተማሩ።

ፋርማሲስቱ በበኩሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ የፋርማሲውን የመልስ መሳቢያ አንድ በአንድ ሲመረምር ሰንብቶ ነበር። ያቀረባት ሳንቲም የተፋቀች፣ የጠቆረች፣ ጠርዟ የተጎዳ ናት። ዓመተ ምሕረቷ ላይ ግን ሰባት ቁጥር በስድስት ላይ ተደርቦ ታትሟል፤ ሰብሳቢዎች የሚሹት ብርቅ የማተሚያ ስህተት ነው። እትዬ ማጉያቸውን አስጠግተው አዩዋት፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው ደግመው አዩዋት።

«ይቺ እኔም ጋ የለችም» አሉ።

ፋርማሲስቱ ብዙ ሰው አመስግኖት ያውቃል፤ እንደዚያን ቀን ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ አያውቅም።