ከቆርቆሮው ሣጥን ውጪ የቀረው ስልክ

የምስክር ቃል
ምስክር፦ የተጎጂው ባለቤት
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ ድምፅ አርታኢ
አድራሻ፦ ከቀረጻ ስቱዲዮው በላይ ያለው መኖሪያ ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜና ቦታ፦ ማክሰኞ ጠዋት፣ የምርመራ ክፍል

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ ባለቤቴ ትናንት ግንባሩን ስለተፈነከተበት ሁኔታ ያየሁትንና የሰማሁትን በፈቃዴ እንደሚከተለው እገልጻለሁ።

ከባለቤቴ ጋር መጽሐፍ በድምፅ የምንቀርጽበት ስቱዲዮ አለን። ተጠርጣሪዋ አንባቢያችን ናት። ድምፅዋ ያምራል፤ ይህን የምናገረው ደስ ብሎኝ አይደለም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቀረጻው ላይ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ይገባ ጀመር። ባለቤቴ «የሳውንድ ካርዱ ጣጣ ነው» (ድምፅን ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባው ዕቃ ነው) እያለ ከእሷ ጋር እስኪመሽ ይቆይ ነበር። ለእኔ ድምፅ እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም።

ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በኬብል ከውጪ የሚሰካ አዲስ ካርድ ገዝቼ ወረድኩ። የድሮው ካርድ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ስላለ የማሽኑን ጩኸት ሁሉ ይለቅማል፤ ማውዝ ሲንቀሳቀስ እንኳ ሲጥ ይላል። አዲሱን ስሰካ ጥዝዝታው ጠፋ። የባለቤቴ ፊት ግን አልተፈታም። ሰበቡን ስለቀማሁት ነው ብዬ ገመትኩ።

አንባቢዋ ከመስታወቱ ወዲያ ማይኩ ፊት ማንበብ እንደጀመረች፣ በጆሮ ማዳመጫዬ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ትትት፣ ትትት የሚል። ይህ የካርድ አይደለም። ስልክ መልእክት ሲቀበል አጠገቡ ያለ ኬብል የሚያሰማው ነው። በዚህ ምክንያት በስቱዲዮው ደንብ ስልክ ሁሉ በር ላይ ባለው ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሄጄ ከፈትኩት። የእኔም፣ የእሱም፣ የእሷም እዚያው ናቸው።

«ሌላ ስልክ አለ» አልኩት።

«ኧረ ተይ! ቅናትሽ ደግሞ ጆሮሽ ውስጥ ገባ?» አለኝ።

ትርፍ ኬብል ካርዱ ላይ ሰክቼ ጫፉን ይዤ ክፍሉን ዞርኩ። መልእክቱ መምጣቱን አላቆመም። ኬብሉ ባለቤቴ ወንበር ሥር ሲደርስ ጩኸቱ ጆሮዬን ሊበሳው ደረሰ። እጄን ሰድጄ ስልክ አወጣሁ። በንዴት የአንባቢዋ ስልክ ሣጥን ውስጥ መሆኑን ረስቼ፣ የእሷ መልእክት ነው ብዬ ወደ ማንበቢያው ክፍል ገብቼ «በይ አንብቢው፣ ሥራሽ አይደል!» አልኳት። ባለቤቴ ሊነጥቅ ተከትሎኝ ገባ።

«የኔ ጌታ፣ ሁለቱ ሴትዮዎች መቼ ነው የሚሄዱልህ? ናፍቀኸኛል» ብላ እንደ ልማዷ አሳምራ አነበበች። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ይቺ ሴት ሁለቱ ስትል… እኔም አለሁበት?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ፤ አንድ ጣውንት ስፈልግ ሁለት አገኘሁ። እሷ «አንተ ውሸታም!» ብላ መጽሐፍ የምታስደግፍበትን ብረት አንስታ ግንባሩን አለችው። ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እኔ ማልቀስ የሚገባኝን ያህል።

ለምን አልገላገልሽም ተብዬ ተጠይቄ፣ እጄም አልታዘዘኝ፣ ልቤም አልፈለገ ብዬ መልሻለሁ።

ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት «ጠረጴዛ መታው በዪ» ብሎ ለምኖኛል። እንደዚያ ብል እሱም ከሐሜት፣ እሷም ከእስር ይድናሉ፤ እኔ ምን ይዤ ልቀር ነው? የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ አልሆንም። ማይኩ ክፍት ስለነበር ቅጂውን አስረክቤአለሁ። በአዲሱ ካርድ ስለተቀረጸ አንዳች ጥዝዝታ የለበትም፤ ምቱ ጥርት ብሎ ይሰማል። ስሰማው የሚያንገበግበኝ ቀድማኝ መምታቷ ነው።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኛል፤ እውነት ነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትሰረዝ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ ትቆይ ብዬ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ________