ፀሐይ እንዳይበላው

እንደምን አደሩ፣ ጋሼ ይግዛው? ቤት ሁሉ ደህና? እትዬ አሰጋሽ ወገባቸው ተሻላቸው? ... እሰይ፣ እግዜር ይመስገን። አይነሡ፣ አይነሡ፤ ሥራዎን ይሥሩ። እኔ እዚህ በርሜሉ ላይ ቁጭ እላለሁ። ቸኩዬ አልመጣሁም። ሰኔ ገብቶ እንኳ ሰማዩ ዛሬ ጠርቷል፣ አይደል?

ጋራዥዎ ግን ገበያ መስሏል። የመኪና መርማሪዎቹ ነገ ይመጣሉ አሉ፤ እውነት ነው? ለዚህ ነዋ! የቢቸና መኪና ሁሉ ታጥቦ ተሰልፏል። ያቺ ፊያት ሁለተኛ መብራት አወጣች? ጥሩምባዋም ይጮኻል? ... ለነገ ብቻ ይሁን ለከነገ ወዲያም፣ እሱን እግዜር ያውቃል። ያ ተቀያሪ ጎማስ ዘንድሮ በማን መኪና ጀርባ ነው የሚቀርበው? ዓምና መርማሪው «ይህን ጎማ የማውቀው ይመስለኛል» ሲል እርስዎም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ዓምና ሰኔ እስቅ ነበር።

ግራጫዋን ላንድሮቨርስ ጨረሷት? ... ፍሬኗ ተሠራ። የኋላ መብራቷ ተሠራ። የቀራት የዝናብ መጥረጊያ ብቻ ነው?

ቆይ፣ ዓምና ደህና መጥረጊያ ነበራት እኮ። አዲስ! በዓይኔ አይቻለሁ። መርማሪው «አስነሣው» ሲል በደረቅ መስታወት ላይ ጪ... ጪ... እያለ ሲመላለስ ባለመኪናው ሁሉ ቀንቶ ነበር። ምን አገኘው? ... አይጥ? ሳጥን ውስጥ? ጎማውን ብቻ ቀርጥፋ ብረቱን ተወችለት?

አይ ጋሼ ይግዛው፣ አልሳቅሁም። የቤንዚኑ ሽታ ነው ያስነጠሰኝ።

ስለ ባለመኪናው ክፉ አይወጣኝም። ስሙንም አልጠራም፤ ስም ምን ያደርጋል? ጠንቃቃ ሰው ነው። ዕቃ በጠፋበት በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? ሌላው መጥረጊያውን ከመኪናው ላይ ሳይነቅል ያድራል። ዝርክርክ! እሱ ግን መርማሪዎቹ ቦሎውን ለጥፈው ጀርባቸውን ሲያዞሩ ፈታው፣ በፎጣ ጠቀለለው፣ ሳጥን ውስጥ አስተኛው። አስተኛው ነው የምልዎ፤ እንደ ሕፃን። ጎማውን ፀሐይ እንዳይበላው። ደግ አደረገ። የቢቸና ፀሐይ በሐምሌ እንዴት እንደሚያቃጥል እርስዎም ያውቃሉ...

በቀበሌው ስብሰባ በንብረት አያያዝ ምሳሌ ነው ተብሎ ሲጨበጨብለት እኔም አጨብጭቤያለሁ። ጓድ ሊቀመንበሩ «አርቆ አሳቢ» አሉት። አርቆስ ያስባል፤ ማን ይክደዋል? የቅርቡ ነው እንጂ ያልታየው።

በር ላይ ሰው ቆመ እንዴ? ... ጥላ ነው? ይሁን፣ ጥላም ይስማ። ምን ክፉ ተናገርሁ?

ደግነቱንም ላውራልዎ እንጂ። ዓምና በሐምሌ ልጄ ውበቴ ትንፋሽ ሲያጥራት... ያውቋት የለም? እዚህ ድረስ እየመጣች ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ስጡኝ እያለች ስትነዘንዝዎ? መድኃኒቱ ሞጣ ነው፣ ዛሬውኑ አድርሷት ተባልን። ማን ደረሰልን? እሱ። ከምሳው ላይ ተነሥቶ፣ እጁን እንኳ በወጉ ሳይታጠብ። ለዚህ ከልቤ አመሰግነዋለሁ፤ አሽሙር አይደለም። ሲጠሩት የሚነሣ ሰው ቀላል ሰው አይደለም።

መኪናዋም ደህና ሄደች። ለምን አትሄድ? ምርመራ ያለፈች መኪና ናት! ቦሎዋ መስታወቱ ጥግ ላይ አዲስ ሆኖ ያበራል። ደብረ ወርቅን አልፈን ትንሽ እንደ ሄድን ዝናቡ ወረደ። ከዚያ በኋላማ ከቦሎው በቀር የሚታይ ነገር ጠፋ። መንገዱ የት ነው? ገደሉ የት ነው? እሱ ልማድ ሆኖበት መጥረጊያውን አስነሣ። ባዶዎቹ ብረቶች ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተወዛወዙ... ደህና ሁኑ የሚሉን ይመስል።

«የት ሄደ?» አልሁት። «ቤት ነው፤ ፀሐይ እንዳይበላው ብዬ» አለኝ። ምን ይባላል? ሰው እውነቱን ሲናገር።

ወረድሁ። ጋቢዬን አውልቄ፣ መርገጫው ላይ ቆሜ፣ በአንድ እጄ በሩን ይዤ መስታወቱን እጠርግ ጀመር። እሱ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ እኔ እጠርጋለሁ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ ሰው ነኝ፤ ሥራ አልንቅም። ግን ጋቢ ውሃ ከጠጣ በኋላ ምን ይጠርጋል? ጭቃውን ነው የሚለቀልቀው። «እስኪያባራ እንቁም፣ ገደል እንገባለን» አለ። ጠንቃቃ ነው አላልሁዎትም? ልክም ነበር። ቆምን። እኔ ውጭ ሆኜ እጠርጋለሁ፤ የቆመ መኪና መስታወት! ሚስቴ ጥሩአየሁ ልጅቱን ታቅፋ ከውስጥ ትጠራኛለች። አልሰማኋትም። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል።

ሲያባራ መስታወቱ እንዴት ያለ ጥራት ጠራ መሰለዎ! በየማሳው ያለው ቅጠል ሁሉ አንድ በአንድ ይታይ ነበር። የሚያስቸኩለን ግን አልነበረም... ቀስ ብለን ወደ ቢቸና ተመለስን።

በአንድ ክረምት ሁለቱም አለፉ፤ መኪናዋ በሰኔ፣ ልጄ በሐምሌ። ማለፍ ማለት ለካ ብዙ ዓይነት ነው።

ቀብር ላይ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው እሱ ነው። አዩት አይደል? ንጹሕ ፎጣ ከኪሱ አውጥቶ ዓይኑን ደጋግሞ ጠረገ። ለዓይኑ መጥረጊያ አልረሳም። ይህንንም ከጥንቃቄው እቆጥርለታለሁ።

እና ምን ላወራዎ ነበር... አዎ። የንስሐ አባታችን ለሕፃን ተዝካር አይደገስም አሉን። ንጹሕ ናት፣ አያስፈልጋትም። ጥሩ ነው፤ ለእሷ አያስፈልጋት ይሆናል። እናቷ ግን እህሉን አዘጋጅታ ነበር። ዓመቷ ሲቃረብ በስሟ የምናደርገው አጣን። አሰብሁ፣ አሰብሁና ወደ አዲስ አበባ፣ ለወንድሜ ለሣህለ ማርያም ላክሁበት። እስቲ ይቺን ጥቅል ይፍቷት።

... አዎ። የዝናብ መጥረጊያ ነው፣ ከነጎማው። ለላንድሮቨር ልኩ ነው። ምን ያዩኛል? መኪና እንደሌለኝ አውቃለሁ። የውበቴ ተዝካር ነው። ሌላው ድሃ ያበላል፤ እኔ የቸገረው ባለመኪና ልርዳ። ነገ መርማሪ ፊት ባዶ ብረት ይዞ ከሚቀርብ!

ይግጠሙለት። ከማን ነው ቢል፣ ከአንድ አድናቂህ ነው ይበሉት። አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ። ቡሎኑን ካጠበቁ በኋላ ጫፉን በመዶሻ ይምቱልኝ፤ ካቻቢቴ እንዳይፈታው። ብየዳውም በእጅዎ ካለ አንድ ነጥብ ጣል ያድርጉበት። ለራሱ ብዬ ነው። ቤቱ አይጥ አለ አሉ።

ለእኔም ነው፤ ምን እደብቅዎታለሁ? ጥሩአየሁ ነፍሰ ጡር ናት። ነሐሴ ላይ ትወልዳለች። አዋላጇ ሀብትነሽ፣ የፊተኛው ምጥ ከብዷት ስለ ነበር፣ ቀኗ ሲቃረብ ሞጣ ውሰዳት ብላኛለች። ነሐሴ ነው፤ ዝናብ ነው። ስጠራው የሚመጣልኝ ባለመኪናስ ከዚህ ሰው በቀር ማን አለ? ኩራት ቢሆን በቃሬዛ በተሸከምኋት። ግን ደጁ ሄጄ እጅ ነሥቼ እለምነዋለሁ። እሱም ደግ ነው፣ ይነሣልኛል። ያን ዕለት እኔ የምፈልገው ውስጥ ገብቼ ከሚስቴ ጎን መቀመጥ ነው። ስትጠራኝ መስማት ነው። ይኼ በዛ?

ይምቱት እንግዲህ... ጎሽ። አንዴ ይድገሙት። ... ክንድዎ ይባረክ።

ጥላው አሁንም በር ላይ ነው? እንዲያውም ቀረብ ብሏል። በሉ ልሂድ፣ ቦታ ልልቀቅለት። መኪናዋን ሊወስድ ሲመጣ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ቂም የለኝም፣ መርቆሃል ይበሉልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ቤቱን ይሙላለት። ልጆቹንም ያሳድግለት፤ እንዴት ያሉ ዓይን የሚያሳርፉ ልጆች ናቸው! አንዳቸውም አይታመሙበት። ምናልባት ቢታመሙ ግን... እሱም ሩቅ አገር ሆኖ መምጣት ቢያቅተው... መድኃኔ ዓለም እንደ አባታቸው ያለ ሰው ይላክላቸው።

ምነው፣ ጋሼ? አሜን ይበሉ እንጂ።