ሙጫው እስኪደርቅ

ደረጃው ላይ ተገጣጠሙ። እሱ ሙጫ ገዝቶ እየወጣ፣ ሲስተር መጽሐፍ በብብቷ ሸጉጣ እየወረደች። ጥግ ይዞ ሊያሳልፋት ቆመ። አላለፈችም።

«እንኳን አገኘሁዎት ጋሽ ጥራዝ። ይቺን መጽሐፍዎን ጨረስናት። ግን ግራ ገባን።»

ሰውየው አርባ ዓመት መጽሐፍ ጠርዟል። ጡረታ ከወጣም ወዲህ ሳሎኑ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ የተገነጠለውን ይሰፋል፣ ያጣብቃል። «ምን ላንብብ?» ያለ ጎረቤት ሁሉ እሱ ቤት ይመጣል። እሱም ከመደርደሪያው አንዱን ይመዝና «ይቺን ያዝ፤ መጨረሻዋ ያስለቅሳል» ይላል። እውነትም ያስለቅሳል። መጨረሻዋን አንብቦታላ። መጀመሪያዋንም አንብቧል። ሽፋኑ እንዳይገለበጥበት ጠራዥ የፊተኛውንና የኋለኛውን ገጽ ማየት አለበት። መሃሉን ግን፣ የአንድም መጽሐፍ መሃል፣ በዕድሜው አንብቦ አያውቅም። ይህን ማንም አያውቅበትም።

ሲስተር ሠላሳ አምስት ዓመት ስታዋልድ ኖራ አምና ጡረታ የወጣች የታች ፎቅ ጎረቤቱ ናት።

«ምኑ ነው ግራ ያጋባችሁ?»

«ጉድጓድ ቆፋሪው ነዋ! ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ገመዱ ተበጠሰ። ትንፋሼን ይዤ ወደሚቀጥለው ገጽ ስሻገር፣ መርከብ ላይ ነኝ። አንዲት ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጠች ከካፒቴኑ ጋር ትጨቃጨቃለች። ስልሳ ምናምን ገጽ መርከብ! ከዚያ ሰውዬው ቁጭ ብሎ ልጁን ይድራል። ለመሆኑ ከጉድጓዱ ማን አወጣው?»

መርከብ? የጋሽ ጥራዝ ጆሮ ጋለ። መጀመሪያው ላይ መርከብ የለም። መጨረሻውም ላይ የለም።

«እሱማ... ጥበብ ነው» አለ። «ደራሲው ሆን ብሎ ነው። ጉድጓዱ ባሕር ነው። ባሕሩ ደግሞ... ጉድጓድ ነው።»

ሲስተር አፏን ከፍታ አየችው። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ አመነችው።

«እኔም እንዲህ ያለ ነገር ጠርጥሬ ነበር! ሐሙስ ሐሙስ እኔ ቤት የምንሰበሰብ ስምንት ጡረተኞች አለን። ሦስት ወር ተቀባበልናት። ሹፌሩ ‹ሰውዬው ሞቷል፣ መርከቡ ወዲያኛው ዓለም ነው› ይላል። የሒሳብ አስተማሪዋ ‹ወጥ ቤቷ ሚስቱ ናት› ብላ ችክ ብላለች። ባለፈው ሐሙስ ተኮራርፈው ሄዱ። ነገ ይምጡና ይገላግሉን።»

«ነገ አይመቸኝም። ሥራ አለ።»

«እኔ የምለው፣ እርስዎ እኮ አንድም ሐሙስ መጥተው አያውቁም። ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው!»

«ሲስተር፣ በኔ ዕድሜ ምን ንባብ አለ? ንባብ ለተማሪ ነው። ፈተና የለብኝ።»

«በኛ ዕድሜ ነው እንጂ! ወጣቱማ ጊዜ የለውም።»

«ዓይኔም ደክሟል።»

«ትናንት በር ላይ ቆመው መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገቡ አይቻለሁ።»

«ያነበብኩትንም እረሳለሁ።»

«ታድለው! ሁለተኛ ሲያነቡት አዲስ ይሆንልዎታል።»

«ለማንኛውም መጽሐፏን ይስጡኝ፤ ጀርባዋን ላጥብቃት» ብሎ ተቀብሏት ወጣ።

ጠረጴዛው ላይ ገለጣት። ገጽ አርባ ስምንት፤ ጉድጓድ። ገጽ አርባ ዘጠኝ፤ መርከብ። ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰው። የራሱ ስፌት ነው። ያን ጊዜ ትዝ አለው፤ ሁለት የተበታተኑ መጻሕፍት ባንድ ቀን ነበር የሰፋው። መጠናቸው አንድ፣ ወረቀታቸው አንድ። አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ ሆነው ከታጠፉት እጥፎች ከየመጽሐፉ አራት አራቱን አለዋውጧቸዋል። የገጹ ቁጥር ሳይዛነፍ ይቀጥላል። የሚያነብ ጠራዥ ቢሆን ባንድ ዓረፍተ ነገር ይነቃ ነበር።

ሁለተኛዋን የወሰዳት ፀጉር አስተካካዩ ነው። ጋሽ ጥራዝ ተንደርድሮ ወረደ።

«ያቺ የመርከብ መጽሐፍ እንዴት ነበረች?»

«ሆ! ጋሼ፣ እሷንማ አትጠይቀኝ!» አለ አስተካካዩ መቀሱን እያንቀጫቀጨ። «ባንድ ቀን ነው የጨረስኳት። ለስንቱ ደንበኛ አንብቡ ብያለሁ።»

«መሃሉ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር የለውም?»

«ምንም! ውሃ ነው፣ ጥርት ያለ።»

መጽሐፏ መስታወቱ ሥር ነበረች። አነሳት። ገጽ ሃያና ሃያ አንድን ሙጫው አጣብቋቸዋል። የዚያኑ ቀን የፈሰሰ ሙጫ ነው፤ ማንም አላላቀቀውም። ቀና ሲል መስታወቱ ውስጥ ሁለት ውሸታም ታየው። አንዱ መቀስ ይዟል።

«ልጠግናት ነው» ብሎ ይዟት ወጣ።

ሁለቱንም ፈትቶ ቢያስተካክል ማን ያውቃል? ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ግን ነገ «መርከቧ የታለች?» ሲሉት ምን ሊል ነው? ጥበቡ ተነነ? ደግሞ በእሱ ስህተት ሁለት ሰው ተኮራርፏል። ጥራዝ ነጠቅ የሚሉት ስድብ አለ፤ ከላይ ከላይ ቃርሞ አዋቂ ነኝ ለሚል። ሠፈሩ በፍቅር ያወጣለትን ስም ነገ በስድብ ሊጨርሱለት ነው። ግራ ተጋባ።

ሐሙስ ከሰዓት ሁለቱንም መጻሕፍት ይዞ የሲስተርን በር አንኳኳ። ስምንቱም አሉ። ሹፌሩና አስተማሪዋ ጀርባ ተሰጣጥተዋል።

«መጡልን!» አለ ሹፌሩ። «ጋሼ፣ ሰውዬው ሞቷል አልሞተም?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አያውቁም?»

«አላነበብኩትማ። እንዲህ ያለ ምስጢር የለውም። ከሌላ መጽሐፍ ጋር ቀላቅዬ ሰፍቼው ነው። መሃሉን አንብቤ አላውቅም፤ የማንኛውንም። ጥራዝ ነጠቅ በሉኝ። ልክ ናችሁ።»

ቀድማ የተናገረችው አስተማሪዋ ናት፦

«ሦስት ወር ሙሉ በመርፌ ስህተት ነው የተጣላነው?»

ሹፌሩ ዞሮ አያት። «ይቺ ወጥ ቤት ሚስቱ አይደለችም ማለት ነዋ!»

«ወዲያኛው ዓለምም የለም ማለት ነው!»

ሲስተር ሳቅ ገደላት። ሁሉም ተከተሏት። ማንም አልሰደበውም። የመጽሐፉ ነገር ነበር ያንገበገባቸው። ጋሽ ጥራዝ ይህንን አልጠበቀም፤ የሚስቅበትም የሚያፍርበትም ጠፍቶት ቆመ። ሲስተር ወንበር ሳበችለት።

«ጋሽ ጥራዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሙጫ ለመድረቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ሃያ። ወፍራሙ ግማሽ ሰዓት።»

«በቀን ስንቴ ያጣብቃሉ?»

«አራቴ። አምስቴም።»

«ሲደርቅ ምን ያደርጋሉ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ምን እያደረጉ?»

አሰበ። «ሙጫውን እያየሁ።»

ሹፌሩ ሊስቅ ሲል አስተማሪዋ በክርን ጎሸመችው። ሲስተር ግን አልሳቀችም።

«እኔ ጡረታ እንደወጣሁ ለሥራ በምነሳበት ሰዓት እየነቃሁ ጋውኔን ለብሼ አልጋዬ ላይ ቁጭ እል ነበር። የሚወለድ የለ፣ የሚጠራኝ የለ። ማክሰኞ ይሁን ቅዳሜ አላውቅም። መጽሐፍ ነው ቀኑን የመለሰልኝ። ረጅም ሰዓት አይደለም፤ ሻይ እስኪፈላ፣ ልብስ እስኪደርቅ። ጊዜ እኮ አለዎት። አርባ ዓመት ፊትዎ ተቀምጦ ሲደርቅ ነው የከረመው።»

ጋሽ ጥራዝ ሁለቱን መጻሕፍት ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ከየት ልጀምር?» አለ።

«ከመሃሉ!» አሉ ሁለቱ ተኳራፊዎች ባንድ አፍ።

በማግስቱ ሁለቱን ፈትቶ ገጾቹን አስተካክሎ ሰፋ። የቆፋሪውን መጽሐፍ ጀርባ ሙጫ ቀባና አደረቀው። ከዚያ የመርከቧን ቀባ። ሙጫው እስኪደርቅ ቆፋሪውን ገለጠ። ገጽ አርባ ዘጠኝ። የመርከቧ ሙጫ ደረቀ፤ አላየውም።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ባጭሩ ይህ ነው። ጋሽ ጥራዝ ገጽ አይቀላቅልም፤ እያነበበ ነው የሚሰፋው። ቀኑን ያውቀዋል፤ ሐሙስን ይቆጥራላ። «ምን ላንብብ?» ለሚለው ያነበበውን ብቻ ይሰጣል፤ ያላነበበውን «አላውቃትም፤ አንብበህ ንገረኝ» ይላል፤ ሰው ደግሞ ይነግረዋል። ፀጉር አስተካካዩም ቢሆን፣ የሙጫውን ነገር በጆሮው ሹክ ካለው ወዲህ፣ ደንበኛ እስኪመጣ ገጽ ሃያ አንድን አልፏል።

ግን ይህ ሁሉ ኋላ የመጣ ነው። ያን ቀን ጋሽ ጥራዝ ቆፋሪውን ታቅፎ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወርዶ የሲስተርን በር ደበደበ።

«ሲስተር! ግራ ገባኝ! ገመዱን የቆረጠው—»

«ዝም ይበሉ!» ሁለት ጆሮዋን ያዘች። «አይንገሩኝ! እኔ እኮ መርከቡን ነው ያነበብኩት፤ የጉድጓዱን መሃል አላየሁትም!»

እውነቷን ነው። እሷ ያላነበበችውን እሱ አንብቧል። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ። መጽሐፏን ሰጣት።

«ከአርባ ዘጠኝ ይጀምሩ» አለ።

ሦስት ደረጃ ወጣና ተመለሰ።

«ቶሎ ይበሉ እንጂ ሲስተር። ብቻዬን ግራ መጋባት አልቻልኩም።»