ከዶክትሬቱ በፊት ሶለል

ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አራት ነበርን፦ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ልጅ፣ ጓደኛዋ፣ አንዲት የጎብዬ ሴትዮ እና በመስኮቱ በኩል እኔ።

«መስከረም ላይ ዶክትሬት ትጀምሪያለሽ፤ ክረምቱን ቁጭ ብለሽ አታነቢም?» አለች ጓደኛዋ።

«ከመስከረም በኋላማ ከማንበብ ሌላ ምን ሥራ አለኝ! ይሄን ክረምት ከልጃገረዶቹ ጋር ከበሮ ተከትዬ ቤት ለቤት ሶለል ነው የምጫወተው።»

«ልጆቹ “አርጅተሻል” ብለው መልሰውሽ የለ?»

«መልሰውኛል። እንደገና ልለምናቸው ነው የምሄደው።»

ሴትዮዋ ዘወር አሉ። «የጎብዬዎቹን ነው? ከበሮ መቺዋ እኮ የኔ ልጅ ናት።»

ባለሻሿ ጮኸች። «በሞቴ እናቴ፣ ያማልዱኝ!»

«አግብተሻል?»

«ኧረ አላገባሁም!»

«እንግዲያ ግጥም ትችይ እንደሆን ልይሽ። ሾፌሩን አወድሺልኝ።»

ሚኒባሱ መንገዱ ላይ የወረደውን ጎርፍ ተሻግሮ ሲወጣ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ለቀቀችው፦

«መሪውን ጨብጦ ልቡ ያልደነገጠ፣
ይኸው የእኛ ሾፌር ጎርፉን አቋረጠ!»

ሾፌሩ ክላክሱን ደጋግሞ ነፋ። ጓደኛዋ በሳቅ ከፊቷ ባለው ወንበር ላይ ተደፋች።

«የዶክትሬቱ መግቢያ ፈተና እንኳ እንዲህ አላስጨነቀኝም» አለች ባለሻሿ። «አለፍኩ?»

«አልፈሻል፤ ልጄን እኔ እነግራታለሁ። ግን ተቀባይ ነሽ፣ ከበሮዋን እንዳትነኪባት።»

«ተቀባይ ልሁን! አጨብጫቢም ልሁን!»

«ጸጉርሽንስ ማን ይሠራሻል?»

«እሷ ናታ!» ብላ ጓደኛዋን አቀፈቻት።

ጓደኛዋ ከእቅፏ አፈትልካ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «እናቴ፣ እኔንስ አይፈትኑኝም?»

እኔ፣ ቀጥለው እኔንም እንዳይፈትኑኝ ብዬ፣ ጉልበቴ ላይ ከበሮ ይመቱ የነበሩትን ጣቶቼን ከቦርሳዬ ሥር ደበቅኋቸው።