የውሃ ተራው ደብተር

በ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. ሐምሌ፣ ሶፊያ ኮምፒዩተር ተምሬ በተመለስሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቆቦ ወጣ ብዬ ስዘዋወር ከጎርፍ መጥለፊያው ቦይ ዳር ጩኸት ሰማሁ። ባሏ የሞተባት ትርንጎ ተራ የሚያድሉትን የውሃ አባት፣ አያ አራጌን፣ ትሞግታለች።

«ተራዬ ዛሬ ነበር፤ ስሜ የት ገባ? ደጋው ዘንቧል፤ ጎርፉ ሊደርስ ነው! ማሽላዬ ዛሬ ካልጠጣ አበቃለት!»

አያ አራጌ ደብተሩን ገለጡ። በእርሳስ ተጽፎ በላጲስ የተፋቀ ነው። በትርንጎ መስመር የጎረቤቷ የነጅሙዲን ስም ተቀምጧል።

«ወላሂ፣ ከጎረቤቴ ከአስፋው ጋር ተራ ተለዋውጠን የሱን ስም የፋቅሁ መስሎኝ ነው!» አለ እዚያው ቦዩ ዳር የቆመው ነጅሙዲን ደንግጦ። ጎረቤት ከጎረቤት ተራ መለዋወጥ በእኛ ዘንድ ደግነት ነው፤ የዚያን ቀን ግን ደግነቱ ሴትዮዋን ተራዋን አሳጣት።

«ደብተሩን ሁሉም ይፍቃል?» አልኋቸው።

«ታዲያስ! እኛ ሰው እናምናለን። አንተ የሻረግ ልጅ፣ ባሕር ተሻግረህ መጠርጠር ተምረህ መጣህ?»

ወጋኝ። ትምህርቴ ለዚህ ሜዳ መርባቱን እኔም እጠራጠር ነበር።

«አያ አራጌ፣ እኔ በተማርሁት ማሽን፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው መዝገብም እንደዚሁ የተሰመረ ሰንጠረዥ ነው። ፈቃዱ ግን ለየብቻ ነው። ማንበብ አንድ፣ አዲስ መጻፍ ሌላ፣ መለወጥ ሌላ፣ መሰረዝም ሌላ። እንዲያነብ የተፈቀደለት አይሰርዝም። ባለቤቱ የሰጠውን ፈቃድ መልሶ ይነሣል።»

«እኔ ብታመምስ?»

«ለምክትልዎ ይሰጣሉ፤ ሲድኑ ይወስዱበታል።»

ሽማግሌው ጭናቸውን መቱ። «እኔ ሞኙ! ውሃውን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ የቦዩን አፍ የምከፍተው ግን እኔ ብቻ ነኝ። ውሃውን ስጠብቅ የደብተሩን በር ከፍቼ ተውሁት!»

«ቆይ እንጂ» አለች ትርንጎ፣ «ላጲሱ በአንድ ሰው እጅ ሲቀር አይብስም? እርስዎስ አይሳሳቱም?»

በሶፊያም ከመምህሮቼ ጋር ያከራከረኝ ይኸው ነበር።

አያ አራጌ ከጋቢያቸው ጫፍ ላጲሱን ፈትተው ወደ ቦዩ ወረወሩት። «ለኔም አልተፈቀደም! ከዛሬ ወዲያ በቀለም ይጻፋል፤ የሚሰረዘውም በሁለት ምስክር ፊት በአንድ መስመር፣ የሰረዘው ሰው ስሙን ከጎኑ አኑሮ።»

ከምዕራብ ጎርፉ ሲያጓራ ተሰማ። እስክሪብቶዬን ሰጠኋቸውና የትርንጎን ስም በእጃቸው ጻፉ። አካፋውን ይዞ ወደ እርሷ ማሳ ቀድሞ የሮጠው ነጅሙዲን ነበር።

በዚያ ክረምት በተራ የተጣላ አልተሰማም፤ ስሕተት ቢፈጠርም ማን እንደጻፈውና ማን እንደሰረዘው ስለሚታወቅ በዕለቱ ይታረም ነበር። አያ አራጌ ደብተሩን ለሚጠይቃቸው ሁሉ በደስታ ያሳዩ ነበር። እርሳስ ይዞ የቀረበውን ግን፣ «ዓይንህ ተፈቅዶለታል፤ እጅህን ሰብሰብ!» ይሉታል።